ሜዳው መማሪያ ክፍላችን ነበር፦ ለትምህርት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የትምህርት ቤታችንን ሥራ ለምትመሩና ለምትቆጣጠሩ የተከበራችሁ የትምህርት ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለልጆቻችን ወላጆች

ጉዳዩ፦ ከክፍል ውጭ እንዳናስተምር የተላለፈው ውሳኔ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን።

እኛ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአፀደ ሕፃናት፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ነን። ሰባት ነን። ጉዳያችንን በቃል ጠይቀናል። በማመልከቻም ሁለት ጊዜ ጠይቀናል። መልስ ስላላገኘን ዛሬ በግልጽ እንጽፋለን።

የካቲት ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። ሦስት ነገር ያዛል። ማንኛውም ክፍለ ጊዜ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ ይሰጥ። የግቢው ግማሽ ለግንባታ ዕቃ ማከማቻ ስለሚውል ልጆች አይድረሱበት። ታብሌቶቹም ለደኅንነታቸው ሲባል ንብረት ክፍል ይቀመጡ። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ «የባከነውን የትምህርት ጊዜ ለማካካስና የጨዋታ ጊዜን ለመቀነስ።»

ያሳመመን ይህ መስመር ነው። እዚያ «ጨዋታ» የተባለው የአካባቢ ሳይንስ ትምህርታችን ነው።

ጊዜ መባከኑን አንክድም። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱና ግጭቱ ተከተለ። ከተማችን በምን እንዳለፈች እናንተም እኛም እናውቃለን። ዛሬ አንደኛ ክፍል ከተቀመጡት መካከል የአፀደ ሕፃናት ትምህርታቸውን በቅጡ ያልጨረሱ አሉ። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጡ አሉ። እነዚህን ልጆች ይዞ መቸኮል እኛንም ያምረናል። ግን የስድስት ዓመት ልጅ አርባ ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ፈጥኖ አይማርም። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም፤ በየቀኑ የምናየው ነው። አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ።

የዕለቱ ትምህርት የሚንሳፈፍና የሚሰምጥ ነገር ነበር። ጣና ቅርባችን ቢሆንም ልጆቹን ወደ ሐይቁ አልወሰድናቸውም። ውኃው ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው፤ ጉማሬም አለ። ስለዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሳፋ ውኃ ሞላን። ልጆቹ ድንጋይ፣ ቆርኪ፣ ማንኪያ፣ የእንጨት ቁራጭና ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ተክል ይዘው መጡ። ደንቡ ቀላል ነው። ይሰምጣል ያለ ወደ ግራ ይሮጣል። ይንሳፈፋል ያለ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ዕቃው ውኃ ውስጥ የሚገባው ሁሉም ጎኑን ከመረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም ልጅ ዝም ብሎ አይመለከትም። እግሩ ሲሮጥ ግምቱን ተናግሯል ማለት ነው። ሲሳሳትም የት ላይ እንደቆመ ያያል።

አንዲት ልጅ አለችን። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም ነበር። የደንገሉ ተራ ሲደርስ ሁሉም ወደ ቀኝ ሮጠ። እሷ መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ለምን እንዳልሮጠች ጠየቅናት።

«መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ቆይቶ ይሰምጣል» አለች።

አባቷ የደንገል ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል ውኃ እንደሚጠጣ፣ ሲጠጣ እንደሚከብድ፣ አባቷ ታንኳውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚያደርቀው በራሷ አነጋገር አስረዳችን። ደንገሉን ሰንጥቀን ለሁሉም አሳየን። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ቀዳዳ ሁሉ አየር ይዟል። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። ውኃ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ታንኳው ይከብዳል። አንዱን ቁራጭ ሳፋው ውስጥ ተውነው። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሮጡ ሲያዩት ከረሙ። በየቀኑ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። ያቺ ልጅ ከዚያን ቀን ወዲህ ትናገራለች።

በዚያው ቀን ለሱፐርቪዥን የመጡ ባለሙያ ቼክሊስታቸው ላይ የጻፉት ይህን ነው፦ «ክፍሉ ባዶ ነው። መምህርቷ ውጭ ከልጆች ጋር ውኃ ትጫወታለች።» ባለሙያውን አንወቅሳቸውም። ቅጹ የሚጠይቀው ሰሌዳው መጻፉን፣ ደብተር መታረሙን፣ ልጆች በሥርዓት መቀመጣቸውን ነው። ልጁ ገምቶ እንደሆነ፣ ግምቱን ፈትኖ እንደሆነ፣ አሳቡን ቀይሮ እንደሆነ የሚሞላበት መስመር የለም። ሳይንስ ማለት ደግሞ እሱ ነው። በዚያ ቅጽ ምክንያት ያቺ መምህርት በሥራ አፈጻጸም ነጥብ ተቀነሰባት። ከእኛ መካከል ሁለቱ አሁን ልጅ ይዘው ከበር መውጣት ይፈራሉ።

ስለ ግቢው ደግሞ ይህን እንበል። ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል። አሸዋና ድንጋይ ተቆልሎበታል። ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበት መስመር ከሥሩ ቀርቷል። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ቦታ ስድሳ አራት ልጅ ክንዱን ዘርግቶ የሚዞርበት አይደለም።

ለምን ስድሳ አራት ልጅ ክንዱን ዘርግቶ ይዞራል ትሉን ይሆናል። እምቦጭን ያስተማርነው በዚህ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ልጆቻችን ከመወለዳቸው በፊት ማለት ነው። ለእነሱ ሐይቁ ድሮም አረንጓዴ ምንጣፍ ያለበት ነው። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል ብለን ብንነግራቸው «እጥፍ» የሚለው ቃል በጆሯቸው ያልፋል። ስለዚህ ራሳቸው እምቦጭ ሆኑ። አንድ ልጅ ሜዳው መሃል ቆመ። ከበሮ ሲመታ አንድ ጓደኛ ጠራና ሁለት ሆኑ። ሁለቱ ሁለት ጠሩ። አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት። እዚህ ላይ ከበሮውን አቁመን ጠየቅናቸው። «ሜዳው ሞልቷል ወይስ አልሞላም?» «ግማሹ ባዶ ነው!» አሉ በአንድ ድምፅ። «ለመሙላት ስንት ምት ቀረው?» አንዱ አምስት አለ፣ አንዱ አሥር። ከበሮው አንድ ጊዜ ተመታ። ስድሳ አራቱም ገቡ። መቆሚያ ጠፋ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና ዝም አሉ። ግማሹ ባዶ የሆነ ሐይቅ አንድ ምት ብቻ ሊቀረው እንደሚችል ያን ጊዜ ገባቸው።

ይህን ለትልቅ ሰው በቁጥር ማስረዳት ራሱ ይከብዳል። እነሱ በእግራቸው አወቁት። የእምቦጩን ግንድ ስንቆርጥ ደግሞ ውስጡ አየር ሆኖ አገኙት። «እንደ ደንገሉ!» ያለው ማን እንደሆነ አልያዝነውም፤ ብዙ ድምፅ ነበር። የቆረጥነውን ወደ ውኃ እንዳይመለስ አድርቀን አስወገድነው። ለምን እንደሆነም ልጆቹ ናቸው የነገሩን።

ይህን ጨዋታ ዛሬ መድገም አንችልም። ቦታው የለም። ክፍል ውስጥ ሞክረን ነበር። አንድ ልጅ ከወንበር ጥግ ጋር ተጋጭቶ ግንባሩ አበጠ። እናቱን ይቅርታ ጠይቀናል።

«አፀደ ሕፃናት» የሚለውን ስምም አስቡልን። አፀድ አትክልት ያለበት ግቢ ነው። የዓለምን የመጀመሪያ አፀደ ሕፃናት የጀመረው ፍሪድሪክ ፍሮበል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1837 ጀምሮ በ1840 ስም ሲያወጣለት «የልጆች የአትክልት ቦታ» ነው ያለው። በኮሌጅ ያጠናነው፣ የልጆችን አስተሳሰብ የመረመረው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤም በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚያስበው በሚነካውና በሚያደርገው ነገር ነው ይላል። እኛ ይህን አጥንተን፣ ተፈትነን፣ ዲፕሎማ ተቀብለን መጥተናል። አሁን በተማርነው እንዳንሠራ ተከለከልን።

ከሁሉ ይበልጥ የቆጨን የሚያዝያ 12 ነገር ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አሥራ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ ሚያዝያ 12 አካባቢ ነው። ሌላው ነሐሴ 17 አካባቢ ነው፤ ነሐሴ ግን ደመና ነው፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ስለዚህ በትምህርት ዓመቱ ያለችን አንድ ዕድል ብቻ ናት። በዚያን ቀን ጥላ ይጠፋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ ጥላው ከጫማው ሥር ይገባል። ሰዓቱም ስድስት አይደለም፤ ስድስት ተኩል ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ከእኛ ብዙ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ፀሐይዋ ባሕር ዳር ላይ ግማሽ ሰዓት ትዘገያለች። የጠዋት ፈረቃ ልጆች ቤታቸው የሚሄዱበት ሰዓት ነው። ማንም ትምህርት አያመልጠውም ነበር።

ከጥር ጀምሮ ተዘጋጅተናል። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ጥላውን በጠመኔ ይከባል። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ። «ጥላዬ አጠረ፤ ማን ቆረጠው?» እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። ሚያዝያ 12 ላይ «ጥላዬን ረገጥኩት!» የሚባልበት ቀን ይመጣል ብለን ቃል ገባንላቸው። የካቲት ላይ ደብዳቤው ደረሰ። ሚያዝያ 12 ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሰሌዳ ላይ የተሳለች ፀሐይ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። አንድ ልጅ «ጥላችን ዛሬ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ለልጅ የገቡትን ቃል ማጠፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ቀንና ሌሊትን የምናስተምረውም በኩኩሉ ነው። አንድ ልጅ የእጅ ባትሪ ይዞ ፀሐይ ይሆናል። ሌሎቹ ከበው በቀስታ በቦታቸው ይሽከረከራሉ። ፀሐዩ «ኩኩሉ!» ይላል። ጀርባው ወደ መብራቱ የሆነ «አልነጋም!» ይላል። ፊቱ ላይ መብራት ያረፈበት «ነግቷል!» ይላል። እዚህ ሲነጋ እዚያ እንደሚመሽ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ሥዕል አላገኘንም።

ስለ ቴክኖሎጂ ያላችሁን አሳብ እንደማንቃወም እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ስድስቱን ታብሌቶች የቀድሞ ተማሪዎች አዋጥተው ሲሰጡን ከማንም በላይ የተደሰትነው እኛ ነን። አጠቃቀሙን ግን ተመልከቱ። አንድ ልጅ ከደረጃ ዘልሎ ሲያርፍ በስሎው ሞሽን እንቀርጸዋለን። ልጆቹ ጉልበቱ ሲታጠፍ ያያሉ። ከዚያ ራሳቸው ጉልበት ሳያጥፉ ትንሽ ዘልለው «አመመኝ» ይላሉ። ጉልበት ለምን እንደሚታጠፍ በዚህ ይገባቸዋል። ካሜራው ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ ስናሳርፍ ጠብታዋ አጉሊ መነጽር ትሆናለች፤ የጉንዳን እግር ላይ ያለ ፀጉር ይታያል። ቆርቆሮ ጣሳ ላይ ፌስታል ወጥረን ጤፍ በተንንበት። ልጆቹ አጠገቡ ሲጮኹ ጤፉ ይዘላል። «እስክስታ ወረደ!» አሉ። ያንን ቀርጸን ቀስ አድርገን አሳየናቸው። ድምፅ መንቀጥቀጥ እንደሆነ ዓይናቸው አየ። መስማት የሚቸግረው ልጃችንም ጣሳውን በእጁ ይዞ ከሁሉም እኩል ተማረ። ታብሌቱ ሰውነታቸው የሠራውን መልሶ ያሳያቸዋል። ለዚህ ስድስት ታብሌት ይበቃናል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አልጠየቅንም።

አሁን ታብሌት ለማውጣት የዕቃ መጠየቂያውን ቅጽ ሞዴል 20 ሞልተን፣ አስፈርመን፣ በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ አለብን። ይህ ሁሉ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ከሆኑ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ከስድስቱ ሁለቱ ቻርጅ ሳይደረጉ ስለከረሙ አልነሳ ብለዋል። ለደኅንነታቸው ተብሎ ተቆልፎባቸው ነው የሞቱት።

በምትኩ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ ሁለት ክፍል አንድ ላይ የሳይንስ ቪዲዮ እንዲያይ ታዟል። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ነው። ኋላ የተቀመጡት አያዩም። ፊት ያሉት በአሥር ደቂቃ ውስጥ መቁነጥነጥ ይጀምራሉ፤ እኛም «ዝም በሉ» ስንል እንውላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ ተቀምጦ ስክሪን የሚያይበት ጊዜም ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም ብሏል። የእኛ ትንንሾች ከዚያ ዕድሜ የወጡት ገና ትናንት ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ላሉትም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመከራል። በአዲሱ ፕሮግራማችን ግን ለእንቅስቃሴ የተረፈው የ15 ደቂቃ ዕረፍት ነው።

ከወላጆችም ቅሬታ እንደደረሳችሁ እናውቃለን። «ልጄ ደብተሩ ባዶ ነው» ያሉ አባት አሉ። እውነታቸውን ነው። ደብተር ለወላጅ መረጃ ነው፣ ለልጁም ይጠቅመዋል። ይህ የእኛ ጉድለት ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ልጆቹ ያዩትን ይስሉ ጀመር፤ ከሥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ደብተሮቹ አሉ። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኒያ አባት አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ይጠይቁናል፣ እንመልሳለን። ይህ ጤናማ ነው። ውሳኔው ሲተላለፍ ግን ከእሳቸውም ከእኛም ጋር የተነጋገረ አልነበረም። የወላጅ መምህር ኅብረቱም የሰማው ከእኛ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

«በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ ለአፀደ ሕፃናት፣ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ይነሳልን። በዕለት ዕቅዳችን ላይ ተጽፎ ሜዳ ላይ የተሰጠ ትምህርት እንደ ትምህርት ይቆጠርልን። በሱፐርቪዥን ቅጹ ላይም ልጆች መገመታቸውንና መሞከራቸውን የሚጠይቅ መስመር ይግባ። በዚህ ምክንያት የተቀነሰው የባልደረባችን ነጥብ እንደገና ይታይ።

የታጠረው የግቢው ግማሽ እስከ መስከረም ይለቀቅልን። ዕቃው ቶሎ የማይነሳ ከሆነ ቢያንስ ቆርቆሮው ወደ ኋላ ይጠጋልን። ስለታም ጫፉ በልጅ ቁመት ላይ ነው፤ ይህ እስከ መስከረም የሚጠብቅ ነገር አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ይታይልን።

ታብሌቶቹ ክፍሎቻችንን በምታስተባብረው መምህርት፣ በዩኒት ሊደር፣ ኃላፊነት ይሁኑ። በመንፈቀ ዓመት አንድ ጊዜ ፈርመን እንረከባለን። ቢጠፋ ወይም ቢሰበር እንጠየቃለን፤ ይህንንም በጽሑፍ እንሰጣለን።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው። የትንንሽ ልጆች መምህራንም እዚያ ሥልጠና የምናገኝበትን መንገድ አመቻቹልን። ቅዳሜ ቢሆን እንመጣለን፤ አበል አንጠይቅም።

በመጨረሻም አንድ ክፍለ ጊዜ መጥታችሁ ከልጆቹ ጋር ቁሙ። ቀኑን እናንተ ምረጡ። እኛን ብትጠይቁን የሚመጣው ዓመት ሚያዝያ 12፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ለልጆቹ እንደገና ቃል ለመግባት ከእናንተ መልስ እንጠብቃለን። መልሱን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ብትሰጡን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአፀደ ሕፃናት፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራንን በመወከል
የትንንሽ ልጆች ክፍሎች ዩኒት ሊደርና የአካባቢ ሳይንስ መምህርት
ባሕር ዳር፣ ግንቦት